ፎቶ የማትነሣው ጨፋሪ

በአንዲት የስኮትላንድ መንደር አዳራሽ የቅዳሜ ከሰዓት ጭፈራ ላይ ሻይ የምትቀዳው ኢሽቤል፣ ያቺን የውጭ አገር ተማሪ ካየቻት ቀን ጀምሮ አላመነቻትም። ልጅቷ አኮርዲዮኑ ሲጀምር ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች፤ እንደ አገሩ ባህል ጉርድ ቀሚስ ከታጠቁት የመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር በላብ እስክትጠመቅ ትሽከረከራለች። ስልክ የወጣ እንደሆነ ግን ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ከምሰሶው ጀርባ ትሸሸጋለች። ስም ሲጠይቋትም በየሳምንቱ ሌላ ስም ትናገራለች።

በመጨረሻ ኢሽቤል ስኒ እያቀበለቻት፣ “ምን ሰርቀሽ ነው እንዲህ የምትደበቂው፣ የኔ ልጅ?” አለቻት።

ልጅቷ ስኒውን ተቀብላ ፈገግ አለች።

“ኧረ ምንም አልሰረቅሁም፣ እትዬ። ወንድሞቼ የት አገር እንዳለሁ እንዳያውቁ ብዬ ነው።”

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ኢሽቤል በጎሪጥ የምታየው ልጅቷን ሳይሆን፣ በአዳራሹ በር የሚገባውን እንግዳ ወንድ ሁሉ ነው።