ዓርብ የረጠበው ድንጋይ

ጎባ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ወንዝ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። ሮቤ ባለው ቢሯችን የእኔ ሥራ የመስኖ ውሃ ተራ ማውጣት ነው፤ ከወንዙ ማን፣ በየትኛው ቀን እንደሚጠልፍ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ፣ ማህተም እመታለሁ። እኔ ማህተም ስመታ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል እያሉ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው።

በዚያ በጋ ወንዙ ስለቀነሰ አዲስ ተራ አወጣሁ። ከላይ በአጋርፋ በኩል ያሉት ባለ ፓምፖች ረቡዕና ሐሙስ ሞተራቸውን ያጠፋሉ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ከታች በጊኒር በኩል ያሉት ማሳቸውን ያጠጣሉ። በቀሩት ቀናት የሚደርሰውን ደግሞ ከእነሱም በታች ላሉት ከብቶች ያሳልፋሉ። ሠንጠረዡ ሲያዩት ያምር ነበር፤ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ከታች በሚኒባስ መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በአንዲት ቁራጭ መሬት ነጭ ሽንኩርት አልምተው የሚኖሩ ሴት ናቸው። እኔ የሰጠኋቸውን የተራ ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ይዘውታል።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ረቡዕ ወደ ወንዙ ወረድኩ፣ ጠጠር ነው። ሐሙስም ወረድኩ፣ ጠጠር ነው። ወላሂ ሽንኩርቴ ሌላ ሳምንት አይቆይልኝም።»

ደሜ ፈላ። የላይኞቹ እየሰረቁ ነው አልኩ፤ ሌላ ምክንያት ወደ አእምሮዬ አልመጣም። በሚቀጥለው ረቡዕ ጠዋት አጋርፋ ሄጄ የፓምፕ ተጠቃሚዎቹን ሰብሳቢ ወንዙ ዳር አገኘኋቸው። ሽማግሌ ናቸው። በሰው ፊት ሌባ አልኳቸው፣ የሴትዮዋን አቤቱታ ነግሬ ፈቃዳችሁን እነጥቃለሁ አልኩ። ስጨርስ የፓምፑን ሸራ ገለጡት።

«ነይ ንኪው» አሉኝ። ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር። «ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ አልተነሳም። አንቺ በመኪና ነው የምትሄጂው፤ ውሃው ግን እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። እኛ ውሃ ስንጠብቅ ዳር ላይ ድንጋይ እናስቀምጣለን። ወርደሽ የሴትዮዋ ማሳ ዳር አስቀምጪና መቼ እንደሚረጥብ እዪ።»

በእልህ ወረድኩ። ከመምሸቱ በፊት ከሴትዮዋ ማሳ ሥር፣ በጠጠሩ መሃል ከምትሄደው ቀጭን ውሃ ጠርዝ ትንሽ ከፍ አድርጌ ድንጋይ አስቀመጥኩ። እዚያው አድሬ ጠበቅሁ፤ ድንጋዩ ሐሙስ ሙሉ ቀን ደረቅ ነበር። ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ሰዎች ለጁምዓ ሲዘጋጁ፣ ድንጋዩ መጀመሪያ ሥሩ ረጠበ፣ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ። ረቡዕ የተለቀቀው ውሃ ዓርብ ነው የደረሰው። ከላይ የሚለቀቅበትን ቀንና ከታች የሚጠለፍበትን ቀን አንድ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊቴ በእፍረት ነደደ፤ ያሳፈርኳቸውን ሽማግሌ በእነዚያው ሰዎች ፊት ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝም ያኔውኑ ገባኝ።

ዞር ስል እናትየው መቆፈሪያቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። የቦያቸው አፍ በጭቃ ተደፍኗል። ከጀርባቸው ያለው ሽንኩርት ግማሹ ቢጫ ሆኗል።

«ባለፉት ዓርቦችም እንዲህ ይመጣ ነበር?» አልኳቸው።

«አዎ፣ በየሳምንቱ። ቆሜ አየዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠለፉትም?»

ፌስታሉን ፈተው ወረቀቴን ዘረጉልኝ። «ረቡዕና ሐሙስ ነው የሰጠሽኝ። ይሄ የእኔ አይደለም፤ ከታች ከብቱን የሚያጠጣ ሰው አለ።»

እስክሪብቶ አውጥቼ ሁለቱን ቀናት ሰርዤ ዓርብና ቅዳሜ ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበትም። ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት።

«ማህተም የለውም» አሉ።

ማህተሙ ሮቤ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። መቆፈሪያውን ከእጃቸው ተቀብዬ የቦዩን አፍ ራሴ ከፈትኩት። ውሃው ገብቶ መጀመሪያ የደረቀውን ክፍል አዳረሰ፤ ቀጥሎ አረንጓዴው ጋ ደረሰ። እሳቸው ግን ሽንኩርታቸውን አያዩም ነበር፤ ወደ ታች ወደ ከብቶቹ እያዩ «ግማሹን ተዪላቸው» አሉኝ።