ከዐረፋ በፊት የሚነቀል ጥርስ

የቅርንፉድ ሽታ ሌላውን ሰው ሻይ ያስታውሰው ይሆናል፤ እኔን የሚያስታውሰኝ ጥርስ ነቃይ ነው። ሰሞኑን፣ ከቡታጅራ ወደ ቡኢ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማችን፣ ከታላቅ እህቴ ከሙናና ከልጅ ልጇ ከሂክማ ጋር ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ተራ ስንጠብቅ በሩ ተከፈተና ያ ሽታ መጣ። ሕንፃው አዲስ ነው፣ ወንበሩ በኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ግድግዳው ላይ ብሩሽ የጨበጠ ፈገግተኛ ጥርስ ተሥሏል። ሽታው ግን ያው ነበርና ይዞኝ ወደ ልጅነቴ ወረደ።

በዚያ ዘመን ይህ ጤና ጣቢያ ለጥርስ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ መንቀል። የተበላ ይነቀላል፣ የተነቃነቀ ይነቀላል፣ ሕመምተኛው የትኛው እንደሚያመው በቅጡ ካላወቀ ደግሞ በግምት ይነቀላል። ነቃዩ ጤና ረዳት ነበር፤ እኛ «ዶክተር» እንለዋለን፣ እሱም አንድ ቀን እንኳ አላረመንም። ቅርንፉድ የነካ ጥጥ ድድ ላይ አሸት ያደርግና «አፍ!» ይላል። ከዚህች ቃል ሌላ ከሕመምተኛ ጋር ሲነጋገር ሰምቼው አላውቅም። የነቀለውን ቆርቆሮ ውስጥ ሲጥለው ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማል፣ ተሰላፊውም በአንድ አፍ «አልሐምዱሊላህ፣ ወጣ!» ይላል። ትክክለኛው ጥርስ ይሁን አይሁን የሚጠይቅ አልነበረም፤ ቆርቆሮው ከጮኸ ሕክምናው ሰምሯል።

ወቅቱም የታወቀ ነው። ለዐረፋ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ሁሉ ወደ አገር ቤት ይገባል፣ በሬ ይታረዳል፣ ክትፎው ከቆጮ ጋር ይቀርባል። ስለዚህ ቤቱ እንደሚለቀለቅ፣ ግቢው እንደሚጠረግ ሁሉ አፍም ከዐረፋ በፊት መጽዳት አለበት ተብሎ፣ ዓመቱን ሙሉ በጨው ውኃ ሲያስታምሙት የከረሙትን ጥርስ በበዓሉ ሰሞን ተሰልፈው ያስነቅሉታል። በዓሉ ሲደርስ ግማሹ መንደር ጉንጩን በጨርቅ አስሮ፣ ሥጋው ለሌላ ሲታደል መረቅ እየማገ ይቀመጣል። በዓመቱ ደግሞ ሌላ ጥርስ ይዞ ይሰለፋል። ይህን ሁሉ ጅልነት ዶክተር ተብዬው ያውቀው ነበር፤ ግን እሱ ምን ቸገረው፣ ሰው በገዛ እግሩ እየመጣለት።

ሙና ያኔ ልትታጭ ነበር። የሚያገባት ልጅ አዲስ አበባ ይነግዳል፣ ለዐረፋ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሊመጣ ቀጠሮ ተይዟል። እህቴ ስትስቅ ከጓሮ ማዶ ትሰማለች፤ አፏን ከፍታ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ነበር የምትስቀው፣ የከፋው ሰው እንኳ አብሯት ሳይስቅ አይቀርም። ከፊት ጥርሶቿ በአንዱ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረች። አታምም፣ አታስቸግርም። አዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ይሞላሉ የሚል ወሬ ሰምታ፣ ለእጮኛዋ አምራ ልትታይ ብላ ከእናቴ ጋር ወደዚሁ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ እኔም ተከትዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ሰውየው ነጥቧን አያት፣ «አፍ!» አለ፣ ቆርቆሮው ጮኸ። ተሰላፊውም እንደ ልማዱ አመሰገነ።

ልጁ አገባት፣ ያንን አልነፈጋትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሙና ስትስቅ ሻርፗን ወደ አፏ ትስባለች። የባሏ ዘመዶች «እንዴት ያለች ጨዋ ናት!» እያሉ አገር አዳረሱ፤ ጨዋነት መሆኑ ነው እንግዲህ፣ የአንድ ደንቆሮ ጉጠት ሥራ! ሴት ልጆቿም ይህንኑ ጨዋነት ብለው ያዙት፣ በቤታችን አፏን ገልጣ የምትስቅ ሴት ጠፋች። ዶክተራችን ግን በክብር ጡረታ ወጣ፤ ሲሸኙት ከተነቀሉት መካከል ብዙዎች አጨበጨቡለት።

ሰሞኑን ሂክማን ወደዚያው ጤና ጣቢያ የወሰድናት በዚያችው ጥርስ ላይ እንደዚያች ያለች ነጥብ ስለወጣባት ነው። ተምሯል የተባለው ወጣት ሐኪም መብራቱን አብርቶ አያትና ወደ ሙና ዞረ።

«ማዘር፣ መሙያው አልቋል። ብንነቅለው ነው የሚሻለው፤ ለዐረፋም እረፍት ታገኛለች።»

ደሜ ፈላ። ከዚያ ሁሉ ወንበር፣ ከዚያ ሁሉ መብራት በኋላ፣ ያቺው ዐረፋ! ልሰድበው አፌን ስከፍት ሙና ቀደመችኝ። ባሏ እንኳ በቅጡ ያላየውን አፏን፣ ሻርፗን ወደ ታች ስባ፣ ከነክፍተቱ በሐኪሙም በተሰላፊውም ፊት ገለጠችው።

«እየው ልጄ፣ እዚሁ ቤት ነው የነቀሉኝ! የዛን ጊዜም ለዐረፋ ነበር። ወላሂ፣ ይቺን ልጅ አትነካትም!»

ሐኪሙ መብራቱን አጠፋው። እኛም ወጥተን በሚኒባስ አዲስ አበባ ሄድን፤ ጥርሱ ተሞላ፣ ነጥቧ የነበረችበት እንኳ አይታወቅም።

ዐረፋ ደረሰ፣ ቤት ሞላ። እኔ የዚያን ጤና ረዳት «አፍ!» አባባል አስመስዬ ሳወራ ሂክማ ሳቋ አመለጣት፣ ድምፁ የድሮዋን ሙና መሰለኝና ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ማንም ሳያዛት፣ በዚያ ሙሉ በሙሉ ደህና በሆነ ጥርስ ላይ ሻርፗን ሳበች። ሙና አየቻት። አንድ እጇን ሰደደችና የልጅቱን ሻርፕ ከአፏ ላይ አወረደችው፤ በሌላው እጇ የራሷን ሻርፕ አፏ ላይ እንደያዘች ነበር።