ገበር ያለው ማቅ

ዳኜ ቀጨኔ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሸማ ሠርቷል፤ እንደዚያ ሳምንት ግን መወርወሪያው ከእጁ ወድቆበት አያውቅም። ይቀመጣል፣ ሁለቴ ወርውሮ ይነሳል፣ በር ላይ ቆሞ ዳገቱን ያያል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነውና እኔንም ሥራ አስፈታኝ። ሄጄ ስጨቀጭቀው ጉዱን ዘረገፈው።

በሁዳዴ አንድ ጺማም ሰው መጥቶ የፍየል ጠጉር ማቅ አዘዘው። በወገቡ ጠፍር ሊታጠቅበት፣ እንደ መጥምቁ ዮሐንስ። ዳኜ የቄስ ተማሪ ስለነበር የነቢይ ልብስ ትርጉሙን ያውቃል፤ ጠጉሩ ገላን የሚኮሰኩሰው ለባሹ ምቾትን ትቶ ስለ ሕዝቡ ኀጢአት እንዲያዝን ነው። ሰውየው ግን "ውስጡን የጥጥ ገበር አድርግበት፣ ይበላኛል" አለው። ዳኜ ሳቀና ሠራለት። ገበሩን የሠራው ሚስቱ ማሚቴ በፈተለችው ነው፤ ለማን እንደሆነ አልነገራትም።

ከፋሲካ በኋላ ሰውየው ከእንጦጦ ግርጌ ድንኳን ተክሎ ነቢይ ነኝ አለ። ማሚቴ ሄዳ ሰማችውና የደም ግፊት ኪኒኗን ተወች። የጳውሎስ ሆስፒታል ሐኪሟ አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጪ ብሏት ነበር። አምስት ቀን ሆናት። ራሷን ያዞራታል፤ እሷ ግን "በሽታው ሲለቀኝ ነው" ትላለች።

"ማቁን የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ በምን አፌ ልንገራት?" አለኝ ዳኜ።

ተናደድኩበት። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ሚስቱ ያልታመመችበት ሰው ነው።

"አፍረህ ልትቀብራት ነው?" አልኩት።

ያኔ ማሚቴ ግድግዳውን ተደግፋ ገባች። ገና ሳትቀመጥ ዳኜ "ኪኒንሽን ዋጪ" አላት።

"ነቢዩ ተዪው ብሎኛል።"

"ነቢይ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"በልብሱ። ንጉሡስ ኤልያስን ያወቀው በልብሱ አይደል? ያን ማቅ ለብሶ ሲኮሰኩሰው የሚውል ሰው ይዋሻል?"

"አይኮሰኩሰውም። ገበር አለው። የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"ለኪኒን ብለህ በሰው አትዋሽ" አለችው።

ዳኜ ጥግ ካለው ጆንያ የተረፈውን ቁራጭ አውጥቶ ሰጣት፤ በውጭ ጠጉር፣ በውስጥ ጥጥ። ፈታይ ሴት ፈትሏን አትስትም። የማሚቴ አውራ ጣት ከተሰበረ ወዲህ ክሯ አልፎ አልፎ ይወፍራል። ጣቷ ገበሩ ላይ ሲሄድ ቆይቶ አንድ ወፍራም ቦታ ላይ ቆመ።

"ይሄ የኔ ነው" አለች። "በጾም ወገቤ እየተቆረጠ የፈተልኩት።"

"አዎ።"

"እሱን እንዲመቸው።"

ዳኜ አንገቱን ደፋ።

"ውሃ ስጠኝ" አለችው። ኪኒኗን ዋጠችና "ድንኳኑ ውስጥ መድኃኒታቸውን የተዉ ብዙ ሴቶች አሉ። ነገ እንሄዳለን። ሠሪው አንተ ነህ፣ ተናጋሪውም አንተ ነህ" አለችው።

በማግሥቱ ጧት ከግድግዳው ወዲያ ምንም ድምፅ አልነበረም። በሬን ከፍቼ ሳይ ሁለቱም ዳገቱን ይዘዋል። ቁራጩን የያዘው ዳኜ ነበር።