ማኑሄን በጎማ የገደልኩ ዕለት

ሦስተኛ ክፍልን እንኳ በቅጡ ያልጨረሰ ሰው ስለ መጽሐፍ ላውራ ሲል ብትስቁ አልቀየምም። እኔም እያፈርኩ ነው የምጽፈው። የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባ ስለማላውቅ ለእጄ የቀረበውን አስገብቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ስሜ አስረስ ነው። ለቡ መንገድ ዳር ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እፈታለሁ፣ ቀዳዳውን በውሃ ፈልጌ እደፍናለሁ፣ ንፋስ ሞልቼ እሰዳለሁ። መኪና በማይመጣበት ሰዓት ደግሞ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ሰው ደብተሬን አይቶ «ምንድን ነው?» ካለኝ «የጎማ ቁጥር ነው» እላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጎማ ቁጥር የሚጽፍ ሰው!

እውነቱን የሚያውቁት አዴ ገዲሴ ብቻ ናቸው። ከጎኔ ላስቲክ ወጥረው ሻይና ቅቅል ድንች ይሸጣሉ። የዚሁ አገር ሰው ናቸው፤ አሁን ፎቅ የቆመበት ቦታ ላይ ጤፍ ያጭዱ ነበር። ማንበብ አይችሉም፤ ያላፈርኳቸውም ለዚህ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው እኔም ደራሲ ነኝ። አንድ ገጽ በሞላሁ ቁጥር ሄጄ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ከዚያስ?» ይሉኛል። ሦስት ዓመት ያጻፈኝ ይሄ «ከዚያስ» ነው እንጂ የእኔ ጉብዝና አይደለም።

ታሪኩ የማኑሄ ነው። ማኑሄ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እናቱ ትሩፋት ሀና ማርያም ሰፈር ብቻዋን እየኖረች ትጠብቀዋለች። ሦስተኛው ደብተር ላይ ግን ጠፋብኝ። ሞያሌ መንገድ ላይ አቁሜው ወዴት እንደምነዳው አላወቅኩም። ሁለት ወር ሙሉ ነዳጅ ሲቀዳ ከረመ። አዴ ገዲሴን «ሰልፍ ነው» አልኳቸው፤ አመኑኝ።

ባለፈው ሐሙስ ሰለቸኝና ገደልኩት። ሦስት መስመር በቃው። የፊት ጎማው ፈነዳ፣ መኪናው ገደል ገባ፣ ማኑሄ ሞተ። ከሥሩ «ተፈጸመ» ብዬ ጻፍኩ። የትኛው «ጸ» እንደሆነ ስላልገባኝ በሁለቱም፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ግሪሱን ከእጄ ታጥቤ፣ እንደ ትልቅ ሰው ሄጄ አነበብኩላቸው።

አዴ ገዲሴ የሚያጥቡትን ብርጭቆ አስቀመጡት።

«አንተ ጎሚስታ ሆነህ በጎማ ገደልከው?»

«አደጋ ነው፣ አዴ።»

«ጎማውን ማን ነበር የሠራው? አንተ እንዳትሆን።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ከዚያስ?»

«አለቀ። ተፈጽሟል።»

«እናቱስ?»

«እናቱ ምን ሆነች?»

«መርዶውን ማን ነገራት?»

ደብተሩን አገላበጥኩ፤ እንደሌለ እያወቅኩ። ትሩፋት ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ሁለተኛው ደብተር ላይ ነው። የማኑሄን ሹራብ አጥባ ገመድ ላይ እያሰጣች ነበር። እዚያው ትቻታለሁ።

«ያው... ትሰማለች» አልኩ።

«ከማን? ከሬዲዮ? ልጇን ገድለህ ሳትነግራት ሄድክ? አንተ ሰው አይደለህም እንዴ!» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ወንድሜ ሲሞት አምስት ወር ደበቁኝ። አምስት ወር ሙሉ፣ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ወንድሜን ሰላም በልልኝ እያልኩ። ሁሉም እሺ ይሉኛል። ይሄን አታድርግባት፣ አስረስ።»

ያልጨረስኩትን ሻይ ከፊቴ አነሱት።

«መርዶውን ሳትጽፍ እንዳታነብልኝ። እኔም ከዚያስ አልልህም።»

የዚያን ቀን ሥራ አልሆነልኝም። ለአንዱ መኪና የተነፈሰው ጎማ እያለ ደህናውን ፈታሁለት። ሰው መግደል ሦስት መስመር ይበቃዋል፤ ለእናት መንገር ግን እኔ የማውቀው ፊደል የሚበቃ አልመሰለኝም። ደብተሮቹን ለከሰል ማያያዣ ሰጥቼ ልገላገል አልኩ። ያን ጊዜ ግን በዚህ ዓለም ላይ «ከዚያስ?» የሚለኝ ሰው አይኖርም። «ስንት ነው?» የሚሉኝ ብቻ ናቸው የሚቀሩት።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሱቄ ደረስኩ። ኮምፕሬሰሩን አላስነሳሁም። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም «ተፈጸመ» ሰረዝኳቸው። ከዚያ የዕድሩን ዳኛ፣ አንድ ቄስና ሁለት ጎረቤት ሴቶች ይዤ ትሩፋት በር ላይ አቆምኳቸው። ማንም ማንኳኳት አልፈለገም። ቄሱ ዳኛውን ያያሉ፣ ዳኛው መሬት መሬት ያያል። እኔም ከኋላቸው ቆሜያለሁ፤ አስክሪብቶዬ አልሄድ አለ።

አንድ አይሱዙ አጠገቤ ቆሞ ጡሩንባውን ነፋ።

«ጎሚስታ! ንፋስ ሙላልኝ እንጂ!»

«ትንሽ ታገሠኝ፣ ወንድሜ» አልኩት። «ገና አላንኳኳንም።»

«ምኑን?»

«አንኳኩ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬም፣ «ትሩፋት ጫማ ሳታደርግ ወጣች» ብዬ ጻፍኩ።