የአባቴ ባቡር

የባቡሩ ጎማ ሐዲዱ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ለስላሳ ነው። ይህን ያወቅሁት ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር የአዋሽን ፓርክ ለመጎብኘት ከአዳማ ስንሳፈር ነው። ድምፁን እየሰማሁ በሐሳብ ጎንደር፣ ቁስቋም ወዳለው ቤታችን ተመለስሁ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከተማው ውስጥ ተኩስ ተከፍቶ አባቴ አልጋ ሥር አቅፎኝ ተኝቷል። ቱሪስቶችን ወደ ስሜን ተራሮች የሚወስድ አስጎብኚ ስለነበር ጃኬቱ በቅሎ በቅሎ ይሸታል።

«አባባ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?» አልሁት።

«ባቡር ነው የኔ ሸጋ። ጎንደር ገባልን እኮ! በቀኝ በኩል የምታዩት ዋልያ ነው፤ ፎቶ ለማንሳት አትጋፉ» አለኝ፣ እንግዶቹን በሚያስጎበኝበት ድምፅ።

ሳቅሁ። እናቴ ግን በሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ አልተመለሰም።

«ምነው አንተ፣ ልጄ ውጭ ቀርቶ ትቀልዳለህ?» አለችው።

«ታዲያ ይህችን ምን ልበላት?» አላት።

ተኩሱ ሲበረታ ጆሮዬን በሁለት እጁ ሸፈነው። ባቡሩ ፈጥኖ መሰለኝ።

ወንድሜን በማግስቱ ቀበርነው። አባቴም ከዚያ ወዲህ ስለ ባቡር አንስቶ አያውቅም።

አዋሽ ስንቃረብ፣ ሣሩ መሐል የቆሙ ቀንደ ረጃጅም ሳላዎች በመስኮት አይቼ ደወልሁለት። አባቴ ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም። ባቡር ውስጥ መሆኔን ስነግረው፣ «ድምፁ እንዴት ነው ልጄ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ልክ ያኔ እንደነገርኸኝ ነው፣ አባባ» አልሁት።