አቶ ተሰማ ያመዛዘኑት ማገዶ

አቶ ተሰማ ባለፈው ረቡዕ ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ቤታችን፣ ወደ ሥራ ሊሄዱ ጫማቸውን እያሰሩ ሳሉ ልባቸው ቆሞ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ለቆማችሁም፣ ፈረቃ ይዟችሁ ለቀራችሁም ይህን የምጽፈው ዘነበች ነኝ፤ አራት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር አብሬያቸው ኖሬያለሁ። ደክሞኛል። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ። ነገር ግን በእሳቸው ላይ የተወራው ሳይታረም ቢቀር ግፍ ነው፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

አቶ ተሰማ ናዝሬት ሳሉ የዳቦ ቤት እሳት አንዳጅ ነበሩ። እዚህ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውለው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ምድጃውን ነበር። ቤቱን ለሦስት ቤተሰብ ተጋርተን ስንኖር ማሞቂያው አርጅቶ ስለነበር ከሁለት ዓመት በፊት አከራዩ በፔሌት የሚሠራ ምድጃ አስገባልን። ፔሌት የእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ፣ የጣት አንጓ የሚያህል ማገዶ ነው። ከላይ ሲሞሉት ሞተሩ እየቆነጠረ እሳቱ ላይ ይጥለዋል።

በመጀመሪያው ብርድ ምድጃው ስታክ አደረገ፤ ማገዶው መውረጃው ላይ ተጋግሮ እሳቱ ጠፋ። ልጄ አራስ ነበረች። አቶ ተሰማ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለበትን ክፍላቸውን ለእሷ ለቀው፣ እሳቸው ካፖርታቸውን እንደለበሱ ሳሎን ይተኙ ጀመር። እኔ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአገራችን ሰዎች ማኅበር ፊት ቆሜ ተናገርኩ። «ከዚያ ፔሌት ከሚሸጥልን ሽማግሌ አሜሪካዊ ሱቅ አትግዙ። ስደተኛ ናቸው ብሎ ፓይን ከሚሉት ሙጫ የበዛበት ዛፍ የተሠራ ፔሌት ነው ያስታቀፈን» አልኩ። ሰው ሁሉ ሱቁን ተወ።

አቶ ተሰማ ብቻ፣ «እትዬ ዘነበች፣ በሰውየው ከመፍረዳችን በፊት አንድደን እንይ» አሉኝ።

የተዘጋውን መውረጃ ጠርገው፣ ከሽማግሌው አንድ ከረጢት ፓይን፣ ከሌላ ሱቅ አንድ ከረጢት ኦክ ገዙ። ኦክ ጠንካራ ዛፍ ነው፤ ሁላችንም የሚሻለው እሱ ነው እንል ነበር። በተመሳሳይ ጣሳ እየሰፈሩ አንዱን ሳምንት ፓይኑን፣ አንዱን ሳምንት ኦኩን አነደዱ። አመዱን ለየብቻ አጠራቀሙ፤ መስኮት ጋ ወስደው በጣታቸው እያሹ አዩት።

«የኦኩ አመድ በዛ» አሉ። «ሙቀታቸው ያው ነው፤ ፓይኑ እንዲያውም ቶሎ ይያያዛል። ሙጫውም አልጎዳንም።»

በነዚያ ሁለት ሳምንታት ምድጃው አንድ ቀንም አልቆመም፤ የሚሞሉት እሳቸው ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት እኔ ስሞላ ደረሱብኝ። በግራ እጄ ኩባያ ይዤ ፔሌቱ ላይ ውሃ እረጭ ነበር። ብናኙ ሕፃኑ ላይ እንዳይቦን ብዬ ነው፤ አገር ቤት የአፈር ወለል ከመጥረጌ በፊት እንደማደርገው። እጄን ያዙኝ። ጥቂት ፍሬ ኩባያው ውስጥ ጣሉ። ወዲያው አብጦ፣ ፈርሶ እንደ ራሰ ፉርሽካ ሆነ። ምድጃውን የዘጋው ይኸው ነበር።

«አይዞዎት፣ ለሕፃኑ ብለው ነው» አሉኝ። ከዚያ መውረጃውን ፈተው እንደገና የተጋገረውን በማንኪያ እየፋቁ አወጡ።

በሚቀጥለው እሑድ በማኅበሩ ፊት ቆመው «ሰውየው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የቤታችን ነው» አሉ።

«የማን?» አለ የማኅበሩ ጸሐፊ መኮንን።

«የቤታችን አልኩህ እኮ።»

«ጋሽ ተሰማ፣ ሽማግሌው ኮሚሽን ጀመሩልዎት እንዴ? ከረጢት ተሸክመው ከሱቁ ሲወጡ ታይተዋል።»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። በቁራሽ ዳቦ እንኳ እኩል ካልተከፈለ የምጣላ ሴት፣ ያን ቀን አፌን አልከፈትኩም። ከዚያ ወዲህ «የፔሌት ወኪል» ተባሉ። ማኅበሩ ሰብሳቢ ሲመርጥ ስማቸው ተነሥቶ በዚሁ ቀልድ ወደቀ። እዚያ ነበርኩ፤ ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

አንድ ጊዜ «ልናገር» ብያቸው ነበር። «ይተዉት፤ በልጆችዎ ፊት ምን ያሳፍርዎታል» አሉኝ። ተውኩት፤ ስለተመቸኝ ነው የተውኩት። ሰሞኑን ለቅሶ ላይ አንዱ «ደግ ነበሩ፣ ያቺ የፔሌት ነገር ባትኖር» ሲል ሰማሁ።

አቶ ተሰማ፣ ውሃውን የረጨሁት እኔ ነኝ። ይህ ጽሑፍ በአርባዎ ዕለት ምግብ ሳይቀርብ ይነበባል፤ ሰው ከበላ በኋላ አይሰማም። ትናንት ልጄን አስተርጓሚ አድርጌ ይዤ ሱቁ ሄጄ ለሽማግሌው እውነቱን ነገርኳቸው። ማረፍዎን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አሁንም «ይተዉት» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ አልተውም። በሕይወት ሳሉ ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ አልጠየቅኩም፤ ያንን የሚመልስልኝ የለም። የኔን ጥፋት ሁለት ዓመት ተሸክመውልኛል፤ ወደዚያ ግን ይዘውት አይሂዱ። እዚህ ይተዉልኝ፣ የኔ ነው። ደህና ይረፉ።