ምራቂ ያለው አስር

አገኘሁሽ አንለይ ያን ቀን ጠዋት ቁርስ አልበላ አላት። ደስታና ፍርሃት ተጋፍተው ሆዷን ሞልተውታል።

ወላጆቿ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አሶሳ አጠገብ ጎጆ የቀለሱ ናቸው። እሷ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ማንጎ ስትለቅም አድጋ፣ እዚሁ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ሆነች። በልጅነቷ ሒሳብን እንደ ጅብ ነበር የምትፈራው፤ ያኔ ሒሳብ ማለት ጩኸትና አርጩሜ ነበራ! ስለዚህ እኔ ያለቀስኩትን ተማሪዎቼ አያለቅሱም ብላ ማለች። በእጇ የጻፈቻቸውን የመልመጃ ወርክሺቶች ከተማ ወስዳ ፎቶ ኮፒ ታስደርጋለች። ቀርከሃ ሰነጣጥቃ መቁጠሪያ እንጨት ታበጃለች። ልጆቹ እንጨቱን አስር አስር እያደረጉ በልጥ ያስራሉ፤ የእስሩን ብዛት አስር ቤት፣ የተረፈውን አንድ ቤት ይጽፋሉ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ቦዔዝ ግን ነገሩ አልጣማቸውም። «ክፍሉን እንጨት ተራ አደረግሽው እኮ!» እያሉ ሲነጫነጩ ከርመው በመጨረሻ ቆረጡ። ሱፐርቫይዘሩ መጥተው ይዩት፤ ካልወደዱት እንጨቱ ለማገዶ ወደ ተማሪዎች ምገባ ማድቤት፣ አገኘሁሽም ወደ ጠመኔዋ። ቀኑ ዛሬ ነው።

ሱፐርቫይዘሩ አቶ ማህጁብ፣ የመንጌ ወረዳ ተወላጅና የበርታ ሰው፣ ከአቶ ቦዔዝ ጋር ከኋላ ተቀመጡ። አገኘሁሽ ለየቡድኑ አርባ አራት እንጨት አደለችና «በሉ!» አለች። ክፍሉ ገበያ መሰለ። አንዱ ይቆጥራል፣ አንዷ ታስራለች፣ ሌላው ልጡን በጥርሱ ይጎትታል። አገኘሁሽማ በደስታ መሬት አልበቃትም።

«ጨረስን ቲቸር!»

የመጀመሪያውን ወርክሺት አነሳች። አስር ቤት አራት፣ አንድ ቤት ዜሮ። አርባ! የሁለተኛው ቡድንም አርባ። የሦስተኛውም አርባ። አንድ ቡድን ቢሳሳት ወግ ነው፤ ሁሉም ተማክሮ እንደተሳሳተ ሲሆን ግን ጉድ ነው። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አቶ ቦዔዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አገኘሁሽ አንዱን እስር ፈትታ ቆጠረችው። አስራ አንድ። ሌላውንም ፈታች፤ አስራ አንድ።

«ዐርዋ፣ ይሄ ስንት ነው?» አለቻት ፊት የተቀመጠችውን ልጅ።

«አስር ነው።»

«አስራ አንድ ነው እንጂ!»

ዐርዋ አስተማሪዋን በትዝብት አየቻት። ቤቷ የሚነገረው በርታኛ ነው፤ አማርኛውን እየፈለገች ነው የምታወጣው። «አስር ነው ቲቸር። ይሄ አንዱ ምራቂ ነው። እናቴ ማንጎ ይሸጣል፤ አስር ይቆጥራል፣ አንድ ይጨምራል። ዛሬ እንግዳ መጣ፤ ምራቂ ከሌለ ዐይብ ነው፣ ነውር!»

«ነውር ነው!» አለ ክፍሉ በሙሉ።

አገኘሁሽ ሳቋ አመለጣት። ልጆቼ መቁጠር አላቃታቸውም፤ ንፉግ መሆን ነው ያቃታቸው፣ አለች በልቧ። ደስታዋ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። «በሉ፣ እኔ ገዢ ነኝ፤ ዛሬ ምራቂ አልፈልግም። ከየእስሩ አውጡልኝ!» አለች። ልጆቹ እየቀፈፋቸውም ቢሆን አወጡ። አራት እስር፣ አራት ምራቂ።

«አርባ አራት!» ጣሪያው ተናወጠ።

አቶ ማህጁብ ብድግ አሉ። «ሰባት እስር ከነምራቂው ስንት ይሆናል?»

«ሰባ ሰባት!» አለች ዐርዋ፣ ጣቷን እንኳ ሳታነሳ።

«የእኔም እናት ማንጎ ሻጭ ነበረች» አሉ። ከዚያ ወደ አቶ ቦዔዝ ዞረው፣ «እንጨቱ ማድቤት አይገባም። ይህን ሴሚስተር ታስተምርበት፣ ፈቅጃለሁ» አሉ።

አገኘሁሽ ልታመሰግን አፏን ስትከፍት ዐርዋ ቀደመቻት።

«ምራቂስ?»

አቶ ቦዔዝ በድንጋጤ ልጅቷን ሊቆጡ ሲሉ አቶ ማህጁብ እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ።

«እውነትሽን ነው፣ ዐይብ ነው» አሉ። «የሚቀጥለውም ሴሚስተር ይጨመር።»